ለጨጓራ የተሳለ ጥላ

ደክሞታል ያለችው ደግሞ እሷ ናት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ዶክተር ሚስባህ በሩን ከፍቶ ታካሚው አብረው አይገቡም ወይ ሲል ወይንሸት ናት በባሏ ፋንታ ደክሞታል ዶክተር፣ እሱ እዚሁ ይረፍ ያለችው፣ ቶሌራ ሚስቱን የድካሙ ቃል አቀባይ አድርጎ የሾመበትን ቀን አያስታውስም፣ ሊነሣ ሲል ወንድሟ ፈቃዱ ትከሻውን ያዘው፣ በዚያ ሁልጊዜ ሽቶ ሽቶ በሚለው ወፍራም መዳፉ፣ አንተ አረፍ በል ጋሽ ቶሌራ፣ እኛ ሰምተን እንነግርሃለን፣ እሱም ተቀመጠ፣ ሃምሳውን ካለፈ የቆየ የሕንፃ መሐንዲስ እንደ ተማሪ ቁጭ በል ሲባል ቁጭ አለ፣ አሁን ሦስቱ ውስጥ ናቸው። ሚስቱ፣ የሚስቱ ወንድም፣ ልጁ ሄሊና። ስለ እሱ ሆድ ሊሰሙ። የሆዱ ባለቤት እዚህ ኮሪደር ላይ፣ ጀርባን በሚያልብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ስለ ጥርስ ሳሙና ሲለፈልፍ ያዳምጣል፣ ሽታው ደግሞ፣ የክሊኒኩ ሽታ፣ በሎሚ ሽቶ የተሸፈነ አልኮል፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር፣ አልኮሉን አልኮል ብሎ የሚተው ሰው ጠፋ፣ በዚህ ከተማ ሁሉም ነገር ላይ ሽቶ ይረጫል፣ ማቅለሽለሹ ከእምብርቱ በላይ ተነሥቶ ጉሮሮው ሥር ይቆማል፣ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል።

ከበሩ በስተጀርባ ድምፅ አለ፣ ቃል የለም። የዶክተሩ ዝግ ያለ ድምፅ። ከዚያ ወንበር ሲገፋ።

ቶሌራ የሚጠራው ሕንፃ ሲታመም ነው፣ ሶሌታ፣ የፎቁ ወለል፣ ሲጎብጥ፣ ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ ባለ ሕንፃዎቹ ደግሞ ሁሉም አንድ ናቸው፣ ነገ ሊመጣ ነው ሲባሉ ስንጥቁን በጄሶ ሞልተው ቀለም ይቀቡበታል፣ እሱ ግን ሲገባ መዶሻውን እንኳ ከቦርሳው አያወጣም፣ በቀጥታ ወደ አዲሱ ቀለም ይሄዳል፣ ስንጥቁ እዚያ ነው፣ ሌላው ግድግዳ ሁሉ ጭስ ጠግቦ ያን አንዱን ብቻ የቀቡት ለእንግዳ ክብር አይደለም፣ ሰው የሚሸፍነውን በሽፋኑ ያስታውቃል፣ ይህን ለመረዳት ሙያ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል።

በሩ ይከፈታል፣ ከሰው በፊት የሚወጣው የፈቃዱ ሳቅ ነው፣ ጨጓራ! ጨጓራ ነው ጋሽ ቶሌራ፣ አላልኩህም? የሸገር ሰው በሙሉ ያለበት ጨጓራ! ተመስገን በል እንጂ! ቶሌራ ጥርሱን አያይም፣ ከጥርሱ በላይ ያሉትን ዓይኖች ያያል፣ ዓይኖቹ አልሳቁም፣ አዲስ ቀለም፣ ገና ያልደረቀ፣ ከኋላው ወይንሸት ነጠላዋን እያስተካከለች ትወጣለች፣ የተስተካከለውን ነጠላ እንደገና ታስተካክላለች፣ ሄሊና ግን አባቷን ሳታይ አልፋ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ትሄዳለች፣ ስትመለስ ግንባሯ ላይ ያለው ፀጉር ረጥቧል፣ ሞቆኝ ነው ትላለች ማንም ሳይጠይቃት፣ ዛሬ ያልተጠየቀ የሚመልስ በዛ፣ ዶክተር ሚስባህ ደጁ ላይ ቆሞ ቶሌራን ያየዋል፣ አንድ ነገር ሊል አፉን ይከፍታል፣ ወይንሸት ጭንቅላቷን በጥቂቱ፣ ዝንብ እንደምታባርር ብቻ ትነቀንቃለች፣ ዶክተሩ አፉን ይዘጋል፣ እግዚአብሔር ይርዳዎት ይላል፣ ለጨጓራ።

ይህን ሥርዓት ያውቀዋል፣ በዚህ አገር የማያውቀው የለም፣ ሐኪም ለዘመድ ይናገራል፣ ዘመድ ለበሽተኛው ይዋሻል፣ በሽተኛው ብርድ ነው፣ ድካም ነው፣ ጨጓራ ነው እየተባለ ከዕድሩ ሰው ሁሉ ኋላ ቀርቶ የራሱን ነገር ሳያውቅ ይሰናበታል፣ እሱም ስንት አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ዛሬማ ፊትህ ጠርቷል ብሏል፣ ሲል እንኳ የምላሱ ጣዕም ይጎመዝዘው ነበር፣ ፍቅር ነው ይሉታል፣ እንዳይደነግጥ ነው፣ እንዳይጨነቅ ነው፣ ሰውን ከገዛ ሞቱ ደጅ መልሶ ኮሪደር ላይ ማስቀመጥ እንዴት ያለ ፍቅር ነው፣ ግን ሞት ያለው ማን ነው፣ ገና ማንም ሞት አላለም፣ ረጋ በል።

በስልክ የተጠራው መኪና ይመጣል፣ ሹፌሩ ቢሩክ ይባላል፣ አርባውን ያለፈ መላጣ፣ ሲያዩት ወሬ የጠማው፣ ፈቃዱ ፊት ይቀመጣል፣ ሦስቱ ኋላ፣ ቶሌራ በመስኮቱ በኩል፣ ሄሊና መኻል፣ ወዴት ነው ይላል ቢሩክ፣ ሰሚት ይላል ፈቃዱ፣ በመገናኛ ዙር፣ በገርጂ ይዘጋጋል፣ ቦሌ በመስኮቱ ታልፋለች፣ መስታወት፣ መስታወት፣ መስታወት፣ ከመስታወቱ ጀርባ ምን ዓይነት ሲሚንቶ እንዳለ ቶሌራ የሚያውቃቸው ፎቆች፣ አዲስ በተነጠፈው የእግረኛ መንገድ ላይ አዲስ የተተከሉ ዘንባባዎች፣ ካፌው በረንዳ ላይ ስልካቸውን ፊታቸው ላይ ደቅነው የሚስቁ ልጆች፣ ሁሉም ጤነኛ፣ ሁሉም የሚበላ፣ ከአንዱ ምግብ ቤት የሚወጣው የተጠበሰ ዘይት በመስኮቱ ገብቶ አፍንጫው ላይ ይቀመጣል፣ መስኮቱን ይዘጋዋል፣ ከውስጥ ደግሞ የፈቃዱ ሽቶ።

መድኃኔዓለም ጋ ሲደርሱ ቢሩክ ዘፈኑን ይቀንሳል፣ ሁሉም ያማትባሉ፣ ቶሌራም ያማትባል፣ እጁ ያማትባል፣ ፈቃዱ ወንበሩ ላይ ተጠማዞ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ስማኝ ጋሽ ቶሌራ፣ አንተ ከእንግዲህ ምንም እንዳታስብ፣ ለሱ ስጠው በቃ፣ ጣልበት፣ ጭንቀት የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ አንተን አይመለከትህም፣ የኛ ችግር ምን መሰለህ፣ በአፍ ሰጠሁ እንላለን፣ በእጃችን ይዘን እንዞራለን፣ እውነት ነው ይላል ቢሩክ ሳይጋበዝ፣ እኔ ባለፈው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ሲለኝ ለሱ ሰጥቼ ነው የተረፍኩት፣ ለመካኒኩስ ሰጠኸው? ይላል ቶሌራ፣ ድምፁ ከገመተው በላይ ደርቆ ይወጣል፣ ቢሩክ ይስቃል፣ እሱንማ ሰጠሁት ጋሼ፣ መጀመሪያ ለላይኛው፣ ቀጥሎ ለመካኒኩ፣ ወረፋ አለው፣ ወይንሸት ሳቋ ያመልጣትና ወዲያው አፏን በነጠላዋ ትይዛለች፣ ሳቅ ዛሬ የተከለከለ ይመስል።

ጣልበት። ቃሉ ራሱ፣ እንደ ቆሻሻ ከረጢት፣ እንደ አሮጌ ፍራሽ፣ ከአጥር ወዲያ ወርውረህ ሂድ፣ ክብደት ግን ስለተወረወረ አይጠፋም፣ ከሶሌታው ወደ አግዳሚው ቢም፣ ከቢሙ ወደ ቋሚው ኮለን፣ ከኮለኑ ወደ መሠረቱ፣ ከመሠረቱ ወደ አፈሩ ይወርዳል እንጂ የትም አይተንም፣ አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ የሚሸከም አለ፣ እግዚአብሔር ይሸከማል፣ ይሁን፣ ቶሌራ ይህን አይጠራጠርም፣ የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው፣ ክብደቱን ያልነገሩትን ነገር እንዴት አድርጎ ያስረክባል፣ ምንድን ነው የምሰጠው፣ ጨጓራ ነው ወይስ ሌላው፣ ሳላውቀው ሰጠሁ ብል የሰጠሁት ፈቃዱ የቀባውን ቀለም ነው፣ እሱ ዛሬ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ተስፋ አይደለም፣ ማጽናኛ አይደለም፣ ዶክተሩ ያለውን ቃል እንዳለ መስማት፣ ከዚያ በኋላ ለመስጠቱም ሆነ ላለመስጠቱ እሱና ፈጣሪው ይነጋገራሉ፣ ፈቃዱ በሌለበት።

ይነጋገራሉ ወይ ግን። ይጾማል፣ ያስቀድሳል፣ መጻሕፍቱን ከብዙ ካህን ይልቅ አንብቧል፣ ግን ስለ ራሱ አንድም ቀን ለምኖ አያውቅም፣ ልመና ያስነውረዋል፣ ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ በር ላይ ጎንበስ ቀና እንደሚል ሰው በፈጣሪ ፊት መልመጥመጥ፣ ይህን ካደረግህልኝ ይህን አደርግልሃለሁ ማለት፣ እንደ ሰው ልጅ እሱን በመማለጃ መደለል፣ ሲያስበው ይቀፈዋል፣ ምስጋና ብቻ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ምስጋና ብቻ፣ ይህን ለብዙ ዓመት ክብር ይለው ነበር። አሁን ግን፣ ልብሱ ውስጥ ሰውነቱ እያነሰ ሲሄድ፣ ክብር ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው፣ ተወው።

እናቱ ጋዲሴ አትልመጠመጥም ነበር ደግሞ። አሁን የቦሌ ለሚ ፋብሪካዎች ሼድ የተንጣለለበት ማሳ የእነሱ ነበር፣ አንድ ዓመት በረዶ ጤፉን አንጥፎት ሲያድር እናቱ ማሳው መኻል ቆማ ጮኸች፣ ሰማዩን ቀና ብላ ተሳደበች፣ ትንሹ ቶሌራ እስኪሸማቀቅ ድረስ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ ምን በደልኩህ፣ እነዚህን ምን ላብላቸው፣ ፈራሁ፣ ፈራሁ ብላ ጮኸች፣ ሲደክማት ጭቃው ላይ ተቀምጣ ዋቃቱ ቤካ አለች በኦሮምኛ፣ እሱ ፈጣሪ ያውቃል፣ ያን ሌሊት ደግሞ ተኛች፣ እንደ ድንጋይ ተኛች፣ ፈቃዱ የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው የሚያውቃት፣ መጀመሪያውን፣ ጩኸቱን፣ ጭቃውን ዘሎ መደምደሚያውን ይሸጣል፣ እንደሚሸጠው ሴራሚክ፣ ከታች ምን እንዳለ ሳያይ ላዩን ማንጠፍ።

መገናኛ። መኪናው ይቆማል፣ ሁሉም መኪና ይቆማል፣ ከላይ ባቡሩ ያልፋል፣ ከታች የታክሲ ረዳቶቹ አያት አያት፣ ጎሮ ጎሮ፣ አያት ጨፌ፣ ካልሲ የሚሸጥ፣ የስልክ መሸፈኛ የሚሸጥ፣ በድምፅ ማጉያ ስለ መጨረሻው ዘመን የሚለፈልፍ አንድ ሰው፣ ከሱ አጠገብ ስለ በረሮ ማጥፊያ የሚለፈልፍ ሌላ ማጉያ፣ ሁለቱ ድምፆች ተቀላቅለው ንስሓ ግቡ በአንድ ቀን ያረግፋል፣ ፈቃዱ በድንገት በሩን ከፍቶ ይወርዳል፣ መጣሁ፣ መጣሁ፣ ሲመለስ በእጁ አንድ ትልቅ የላስቲክ ብርጭቆ፣ አቮካዶ ከማንጎ ስፕሪስ፣ ወፍራም፣ አረንጓዴው በቢጫው ላይ እንደ ረግረግ የተኛ፣ ጠጣ ጋሽ ቶሌራ፣ ለጨጓራ ፍቱን ነው፣ ይቀበለዋል፣ ሞቅ ያለ ነው፣ እንደ ሰው ሰውነት ሞቅ ያለ፣ ማንኪያው መኻሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እያየው ምራቁ አፉን ይሞላዋል፣ ይውጠዋል፣ እንደገና ይሞላዋል፣ ጠጣ እንጂ አባዬ ትላለች ሄሊና፣ ብርጭቆውን ሳታይ።

ፈቃዱ ጁስ ገዝቶልኝ አያውቅም። ይህ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት፣ በበዓል፣ በልቅሶ፣ በልደት፣ ይህ ሰው አንድም ቀን ለእኔ ብሎ ከመኪና አልወረደም፣ ስንገናኝ እንከራከራለን፣ እሱ ሴራሚኬ የጣልያን ነው ይላል፣ እኔ የጣልያን ካርቶን ነው እላለሁ፣ እንዲህ ነው የምንዋደደው፣ ቶሌራ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና፣ ሴራሚክ በደንብ መጣበቁን ለማወቅ በጣት ኳ ኳ አድርጎ ድምፁን እንደሚሰማ ሁሉ፣ ፈቃዱ ይላል፣ አቤት ጋሼ፣ ያ ባለፈው ለሆቴሉ ያቀረብከው ሴራሚክ አንድ ክረምት አይቆይም፣ ውሸት ነው የሸጥክላቸው፣ ይጠብቃል፣ ተነሥ፣ ጩኽ፣ አንተ ደግሞ ሁልጊዜ በለኝ፣ መሐንዲስ መሆንህን አታሳየኝ በለኝ፣ ፈቃዱ በመስተዋቱ ውስጥ ያየዋል፣ ዓይኖቹ ይርሳሉ፣ ልክ ነህ ጋሽ ቶሌራ ይላል፣ እውነትህን ነው፣ አንተ መቼ ተሳስተህ ታውቃለህ።

ባዶ ድምፅ። ከሥሩ አልተጣበቀም፣ ባዶ ነው።

እንግዲህ ሌላው ነው። በጣም ሌላው ነው፣ ፈቃዱን ያሸነፈ በሽታ ትንሽ በሽታ አይደለም፣ ቶሌራ አንድ ቅጽበት በዚህ ግዙፍ ዜና መኻል የድል ስሜት ይሰማዋል፣ ፈቀደልኝ፣ ካርቶን መሆኑን አመነ፣ ወዲያው በዚህ ስሜት ራሱን ይጸየፋል፣ ሞትህን እያንኳኳህ ክርክር ትቆጥራለህ፣ እንዴት ያለህ ነህ፣ ብርጭቆው በእጁ ውስጥ ይጨመደዳል፣ አረንጓዴው በጠርዙ በኩል ብቅ ብሎ አውራ ጣቱን ይነካዋል፣ ሄሊና ሶፍት ፍለጋ ቦርሳዋን ትበረብራለች፣ ልጄ፣ ይህች ልጅ በልጅነቷ ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላ ነበር፣ አሁንም ጆሮዋ ቀልቷል፣ ከሃያ በላይ ሆና፣ ቢሮ ገብታ፣ እንግሊዝኛ ከአማርኛ እያዋጋች፣ ጆሮዋ ግን ያው ነው።

ለምን ደበቁኝ፣ ለምን ተጸየፍኳቸው፣ አንተስ። አንተስ ቶሌራ። ቀበቶህን ከውስጥ በኩል በሚስማር አዲስ ቀዳዳ የበሳኸው ማን እንዳያይ ነው፣ ሌሊት እያመመህ ሽንት ቤት ገብተህ ቧንቧ የከፈትከው ማን እንዳይሰማ ነው፣ ወይንሸት ከስተሃል ስትል ስፖርት ጀምሬ ነው ያልካት ማን እንዳያውቅ ነው፣ ከበጋ ጀምሮ፣ ሚስቱ ነጠላዋን የምታስተካክለው ዛሬ ነው፣ እሱ ግን ከበጋ ጀምሮ ቀለም ሲቀባ ከርሟል፣ ለሚስቱም፣ ማለዳ ማለዳ ቀጥ ብሎ ሲያመሰግነው ለከረመው ለእርሱም፣ ሆዴን አሞኛል ሳይል፣ አፍንጫውን የሚሰነፍጠው ሽቶ ለካ የፈቃዱ ብቻ አይደለም። ይዘገንነዋል። ከሁሉ ይልቅ ይህ ይዘገንነዋል።

መንገዱ ይለቀቃል፣ መኪናው ወደ ጉርድ ሾላ ይንቀሳቀሳል፣ ፈቃዱ ዝምታውን መሸከም አልቻለም፣ ዝምታ ሲሆን የሆነ ነገር መናገር አለበት፣ እንዲህ ነው የተፈጠረው፣ ዞሮ ይላል፣ አይዞህ እኮ፣ እኔ አሁን እዚያው ዶክተሩ ጋ እያለሁ ተስያለሁ፣ ለመድኃኔዓለም ጥላ፣ ያን ትልቁን፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለውን፣ ለመጪው ንግሥ አንተ በእግርህ ሄደህ፣ በገዛ እጅህ ይዘህ ታስገባዋለህ፣ እልል ተብሎ፣ ታያለህ። ቢሩክ ከልቡ ተገርሞ በመስተዋቱ ውስጥ ያያቸዋል፣ ለጨጓራ ነው ጥላ? ይላል፣ ኧረ ጋሼ፣ ለጨጓራማ ተልባ ይበቃል!

ማንም አይስቅም።

የፈቃዱ አንገት ከኮሌታው በላይ ቀስ እያለ ይቀላል፣ ጥላ፣ ሰው ለመካን ማሕፀን ጥላ ይሳላል፣ ለጠፋ ልጅ፣ ለእስር፣ ከጦርነት ላልተመለሰ፣ ሐኪም ተስፋ ለቆረጠበት፣ ለጨጓራ ሻማ እንኳ ማንም አይሳልም፣ ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም፣ ቢሩክ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ይቅርታ ይላል፣ እኔ ለጨዋታ ነው፣ ምንም አላጠፋህም ይላል ቶሌራ፣ ድምፁ ዝግ ብሏል፣ ወይንሸት፣ ዶክተሩ ምንድን ነው ያለው፣ ቤት ስንደርስ ትላለች፣ እዚሁ ንገሪኝ፣ ቤት ስንደርስ ብያለሁ ቶሌራ በናትህ፣ ከሰው ፊት፣ እና ሄሊና፣ አባዬ ትላለች፣ ፓንክርያስህ ላይ ነው፣ ቆሽት፣ ካንሰር ነው ብሏል፣ ወደ ጉበትህ አልፏል ብሏል፣ ኦፕሬሽን አይሆንም ብሏል፣ ሶሪ አባዬ፣ አልቻልኩም፣ ጨጓራ ማለት አልቻልኩም። አንቺ ልጅ! ይላል ፈቃዱ፣ አፍሽን! ተዋት ትላለች ወይንሸት፣ ተዋት ፈቃዱ፣ ዝም በል አንተ ባለ ጥላ።

ቆሽት። ጉበት። አይሆንም። ሦስት ንጹሕ ቃላት፣ ሽቶ የሌለባቸው፣ ከጠዋት ጀምሮ ሰው የነገረው የመጀመሪያው እውነት፣ ቶሌራ ለአንድ አፍታ ቀላል ሆኖ ይሰማዋል፣ እንዲያውም ልጁን አመሰግናለሁ ሊላት ያስባል፣ አሁን አውቄዋለሁ፣ አሁን መስጠት እችላለሁ፣ ልስጠው፣ ይኸው ጌታዬ፣ የተከበርክ ሆይ፣ ይህን በትሕትና፣ በትሕትና ምን፣ ዐረፍተ ነገሩ አይቆምም፣ ሌላ ይጀምራል፣ እሱም ይፈርሳል፣ ያነበባቸው ጸሎቶች ሁሉ ተሰልፈው ይመጣሉ፣ ሁሉም ልብሳቸው ጥሩ ነው፣ አንዱም የእሱ አይደለም፣ አንቺስ ለምን ደበቅሽኝ ይላል ለሚስቱ ጮክ ብሎ፣ ወይንሸት ወደ መስኮቱ እያየች፣ ስለማውቅህ ነው ትላለች፣ ብነግርህ ለማንም ሳታካፍል ለብቻህ ይዘኸው ትቀመጣለህ፣ ለኔም አታዋየኝም፣ ለሱም አታዋየውም፣ ቀበቶህን ያላየሁ መሰለህ፣ ቧንቧ ስትከፍት የምተኛ መሰለህ።

ስታውቅ ከርማለች።

አቁምልኝ ይላል፣ ቢሩክ እዚህ ፖሊስ አለ ይላል፣ ከዚያ ፊቱን በመስተዋቱ ሲያየው ያለ ምልክት ወደ ዳር ይወጣል፣ በሩ፣ አስፋልቱ፣ የፍሳሹ ቦይ፣ ፕላስቲክ ጠርሙስ የሞላበት፣ ቶሌራ በጉልበቱ ይወድቃል፣ ሱሪው፣ ትናንት የተተኮሰው ሱሪ፣ እና ይመጣል፣ ምንም ያልበላ ሰው ይህን ሁሉ ከየት አመጣው፣ መራራ፣ ቢጫ፣ በአፍም በአፍንጫም፣ ከሰውነቱ የሚወጣው ድምፅ የከብት ድምፅ ነው፣ ከኋላው ታክሲ ያልፋል፣ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ በቀን ነው እንዴ ፋዘር! ብሎ ይስቃል፣ ይሳቅ፣ እሱም ቢሆን ይስቅ ነበር፣ ራሱን ከውጭ ያየዋል፣ ያ ቀጥ ብሎ የሚያመሰግነው ሰው፣ ንፍጡ አገጩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቦይ ዳር፣ ከዚህ የሚያስጠላ ነገር አይቶ አያውቅም፣ ፈቃዱ ሶፍት ይዞ ራቅ ብሎ ቆሟል፣ ሊጠጋ ይፈልጋል፣ አፍንጫው አልፈቀደለትም፣ ቦይ ማዶ ድንች የምትሸጥ ሴት ተነሥታ የያዘችውን የውኃ ጠርሙስ ለሄሊና ትሰጣታለች፣ እግዚአብሔር ይማርዎት አባቴ ትላለች፣ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ድንቿ ትመለሳለች፣ ምን እንደያዘው አልጠየቀችም፣ ይድናሉም አላለችም።

ደግሞ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ግንባሩ ላይ እጅ አለ። የወይንሸት እጅ ነው፣ አጠገቡ ተንበርክካለች፣ ነጠላዋ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተነክሯል፣ እናት የሚያስመልሰውን ልጅ ግንባር እንደምትይዝ መዳፏን ዘርግታ ይዛዋለች፣ ሽታው ላይ አፍንጫዋን አልያዘችም፣ ፊቷንም አላዞረችም፣ ተይኝ ሊላት ያስባል፣ እችላለሁ፣ አንቺ መኪና ውስጥ ግቢ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ሠላሳ ዓመት ሲለው ኖሯል፣ አፉ ላይ ተዘጋጅቶ አለ፣ አይለውም፣ አንገቱ ደክሟል፣ አንገቱ ጭንቅላቱን ይህን ያህል ጊዜ ይዞ መቆየቱን እስከ ዛሬ አላወቀም ነበር፣ ይለቀዋል፣ ጭንቅላቱ እንዳለ መዳፏ ላይ ያርፋል፣ መዳፏ አይንቀሳቀስም።

ቦዩን ያያል፣ ያወጣውን ያያል፣ ዓይኑን አያሸሽም፣ ይኸው ነው፣ ይህ ነው ያለኝ፣ የተከበርክ ሆይ የለውም፣ በትሕትና የለውም፣ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም።

ፈርቻለሁ ይላል።

ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን የሚሰማ ነው፣ ፈቃዱ ምን አለ፣ ምን አለ ይላል፣ ለእሷም ለወንድሟም እንዳልተነገረ ለወይንሸት ገብቷታል፣ መዳፏን ግንባሩ ላይ እንዳለ ትይዛለች፣ ቶሌራ ይተነፍሳል፣ አፉን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል፣ ፈርቻለሁ፣ በጣም ነው የፈራሁት፣ አየህ ጌታዬ…